የኬሚስትሪ ዋስ

መምህር ክንፈ ጥድ አፋፍ የመጣው ለአንድ ዓመት ብሎ ነው። እኛን ኬሚስትሪ ሲያስተምረን ግን ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነ መናገር ትቶ ነበር። ሻንጣውን አልፈታም። ሸሚዙን ከሻንጣው አውጥቶ ይለብሳል፤ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጥፎ እዚያው ይመልሳል። አከራዩ “ግድግዳው ላይ ሚስማር ምታበት እንጂ መምህር፣ ልብስህ እኮ ተጨማደደ” ሲሉት “ለማን ብዬ?” ይላል። የአንድ ዓመት ሰው ሚስማር አይመታም።

ሚስቱ ብርሀንነሽ ወረኢሉ ነርስ ናት። ልጃቸው ንግሥቴ እዚያው ተወልዳ እዚያው አፏን ፈታች። ክንፈ በእረፍት ሲሄድ ጎረቤቱ ሁሉ “መምህር መጣ” ስለሚል እሷም አባቷን “መምህር” ብላ ትጠራዋለች። “አባዬ በይ እንጂ” ብለው ሲቆጧት “አባዬ መምህር” ማለት ጀመረች። ክንፈ ይህን ሲያወራልን ይስቃል። ስቆ ሲጨርስ ግን በእጁ የያዘውን ጠመኔ ለረጅም ጊዜ እያገላበጠ ያያል።

ጥድ አፋፍ ከመካነ ሰላም በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ከአንድ ትልቅ ቁልቁለት በኋላ መልሰው ወጥተው የሚደርሱባት የገደል ጫፍ ከተማ ናት። ከትምህርት ቤታችን አጥር ቀጥሎ መሬት የለም፤ አየር ነው። ኳስ አጥሩን ካለፈች ጨዋታው በዚያው ያልቃል፤ ቀሪው ሰዓት ኳሷን ማን እንደለጋት በመጣላት ያልፋል።

ክፍላችን ሞልቶ የተረፈ ነበር። ከኋላ የምንቀመጠው ሰሌዳውን የምናየው የፊቶቹ እስክሪብቶ ወድቆባቸው ሲያጎነብሱ ነው። ኬሚስትሪ በእንግሊዝኛ ነው። ክንፈ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ፊታችንን ያያል፤ በአማርኛ ይደግመዋል። በአማርኛ የገባን ነገር ፈተና ላይ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ባዳ ይሆንብናል። አንድ ቀን ሰልፈሪክ አሲድ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ነው ብሎ አጻፈን። ቀለም የለውም የተባለ ነገር ባለማየታችን ማናችንንም አልገረመንም።

በሩ ላይ “ቤተ ሙከራ” የተጻፈበት ክፍል ግን ነበረን። ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ገብቷል። ካርቶኑ የሚከፈተው መደርደሪያ ሲሠራ ነው፤ መደርደሪያው የሚሠራው ውሃ ሲገባ ነው፤ ውሃው መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ክፍሉ ተቆልፎ፣ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች ተከምረውበት ይኖራል።

ክንፈ በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፤ በየዓመቱ ስሙ አይወጣም። የእኛ ክፍል አሥራ ሁለተኛን የተፈተነበት ዓመት ላይ ወጣ። ወረኢሉ ተመደበ። ወሩ ሳያልቅ ሄዶ ሪፖርት ካላደረገ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የቀረው የርዕሰ መምህሯ የመልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት የኛ ውጤት መጣ። ከትምህርት ቤታችን ያለፈ አንድም ተማሪ የለም። በሁሉም ወድቀናል፤ በኬሚስትሪ ግን አወዳደቃችን ራሱን የቻለ ነበር። ውጤቱን ተከትሎ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰ። ትምህርት ቤቱ የውድቀቱን ምክንያት ማኅበረሰቡን አሳትፎ ይለይ፣ መፍትሔም ይፈልግ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም መምህር እንዳይለቀቅ ይላል።

“ምክንያቱማ የታወቀ ነው” አለ ክንፈ፣ የርዕሰ መምህሯ የየትምወርቅ ቢሮ ቆሞ። “ክፍሉ ሞልቷል። ቋንቋው አይገባቸውም። ቤተ ሙከራው ተቆልፏል። በአጨዳ ግማሹ ክፍል ይቀራል። እኔም ሰልችቶኛል። ጻፊውና ልሂድ።”

“እሱን ስንጽፍ ነው የኖርነው” አለች የትምወርቅ። “ማኅበረሰቡን አሳትፉ ነው የሚለው።”

“ማኅበረሰቡ ስለ ኬሚስትሪ ምን ያውቃል?”

“እኔ እንጃ። አቶ አራጌን እንጥራቸው።”

አቶ አራጌ የወላጆች ሰብሳቢ ናቸው። እህል ይነግዳሉ፣ ያርሳሉም፤ ከወደቅነው ውስጥ የሳቸውም ልጅ ነበረበት። ደብዳቤው ሲነበብላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

“ልጆቹን ይበልጥ የጣለው የትኛው ነው?”

“ኬሚስትሪ” አለች የትምወርቅ።

“እንግዲያ ተጣልተዋል። ጠብ ደግሞ በወጉ ነው የሚፈታው። ሼህ አሕመዲን ዘንድ ሰው ልኬ እመለሳለሁ።”

ሼህ አሕመዲን ደም አድራቂ ናቸው፤ ከአባት ከአያታቸው የወረሱት ነው። ሰው ተገዳድሎ ሁለት ወገን ሲፈላለግ መሐል ገብተው የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሳሚውም መስጊድ ሰጋጁም በሳቸው ቃል ያድራል። ካንድ ምንጭ መቅዳት ትተው የነበሩ ሁለት ዘመዳሞች በሳቸው እጅ ታርቀው ዛሬ ተጋብተዋል።

ክንፈ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ከቢሮ ወጥቶም ሳቀ። ከዚያ የወሩን ቀን አሰበና ተመልሶ ገብቶ “ለመቼ ነው?” አለ።

በደም ዕርቅ ደመኞች አይተያዩም። አንዱ ወገን ከወዲህ ይቀመጣል፤ ሌላው ከኮረብታው ወይም ከጫካው ወዲያ ይቀመጣል፤ ሽማግሎች በመሐል እየተመላለሱ ቃል ያደርሳሉ። በቀጠሮው ቀን እኛ ተማሪዎቹ በግቢው ትልቅ ጥድ ሥር ተቀመጥን። ሌላው ወገን ኬሚስትሪ ስለሆነ፣ ኬሚስትሪ ደግሞ በአካል ስላልተገኘ፣ ወኪል ያስፈልግ ነበር። ክንፈን ወስደው ከሽንት ቤቱ ግንብ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

ሼህ አሕመዲን ዱአ አድርገው፣ አብረዋቸው የተጠሩት ቄስም አቡነ ዘበሰማያት ብለው ከባረኩ በኋላ፣ ሼሁ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ግንቡ ሄዱ። የኛ ልጆች አንዳንዶቹ ቀዳዳ ፈልገው እየሰሙ ያቀብሉን ስለነበር የተባለው ሁሉ ደርሶናል።

“አሰላሙ አለይኩም።”

“ወአለይኩም ሰላም ሼህዬ። ደህና አደሩ?”

“አንተን አይደለም። ኬሚስትሪን ነው የምጠይቅ። ባንተ አፍ ይመልስ።”

“እሺ፣ ይጠይቁት።”

“ልጆቹ ምን በደሉህ?”

ክንፈ ትንሽ አሰበ። “አይወዱኝም” አለ።

ሼሁ ያንን መንገድ ተመልሰው መጡ። “አይወዱኝም ይላል” አሉን። “እውነት ነው?”

ኢልሀም ብድግ አለች። ኢልሀም እናቷ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ከክፍላችን ምላሷ የማይታጠፍ ልጅ ናት። “እሱ መቼ ወደደን ሼህዬ? በማናውቀው ቋንቋ ይናገረናል። እየሰደበን ይሁን እያመሰገነን እንኳ አናውቅም። እንጠይቀው ብንልም ቤቱ ዝግ ነው። ቁልፍ ነው የሚመልስልን።”

“ልክ ናት” አለ ክፍሉ።

ሼሁ ሊሄዱ ዞሩና እንደገና ቆሙ። “መልኩ ምን ይመስላል?”

ሼሁ በከዘራቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ጠቆሙ።

“ጥቁር ነው? ቀይ ነው?”

አንዱ ከኋላ “ቀለም የለውም” አለ፤ ክንፈ ያጻፈንን ማለቱ ነው።

“ሽታውስ?”

የሽታውን አላጻፈንም። ሼሁ በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና አቶ አራጌን “አራጌ፣ ሰው ያላየውን ሰው እንዴት ብሎ ይጣላል?” አሏቸው። ሼሁም እንደገና ግንቡን ዞሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ነውና ቀስ እያሉ ነው።

“ወኪል።”

“አቤት።”

“አንተስ አይተኸዋል?”

ፀሐዩ ክንፈ አናት ላይ ነው። በኋላ እንደነገረን፣ ዩኒቨርሲቲ እያለ ቤተ ሙከራ የገባው ከብዙ ልጆች ጋር ነበር። አንድ ጠረጴዛ ከበቡ፤ አንዲት ረዥም ልጅ ቀዳች፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ክርኗን አየ። ከጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደሆነ ከፊት የነበሩት ነገሩት፤ እሱም ጻፈ።

“ከሩቅ ነው የማውቀው ሼህዬ” አለ መጨረሻ ላይ።

ሼሁ ወደ ጥዱ ተመልሰው፣ ተቀምጠው፣ ጢማቸውን ይዘው ፍርዱን ተናገሩ። “ያ ጀመዓ፣ ይኼ ጠብ አይደለም። ይኼ አለመተዋወቅ ነው። ልጆቹም አላዩት፣ ወኪሉም አላየው። ብቻ የወደቀ ሰው አለ፤ የወደቀ ካለ ወጉ ሳይፈጸም አይቀርም። በሚመጣው ቅዳሜ ይቅረብና ይተያዩ።”

“ማን ነው የሚቀርበው?” አለ ክንፈ ከግንቡ ጀርባ።

“ኬሚስትሪ” አሉ ሼሁ።

የቤተ ሙከራው ቁልፍ አልተገኘም። ጓጉንቸሩ በመጋዝ ተቆረጠ። ዴስኮቹን አውጥተን ካርቶኖቹን ስንከፍት አይጥ ወልዳበታለች፤ የብዙው ጠርሙስ ጽሑፍ በእርጥበት ለቋል። ክንፈ አንድ በአንድ እያነሳ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ ያያል፤ ስሙ ያልተነበበውን አይነካም። ፊኖልፍታሊን የሚል ጽሑፍ ያለበት ነጭ ዱቄት ብቻ ስሙ ከነክዳኑ ደህና ሆኖ ተገኘ። ስለሱ ለስንት ዓመት አስተምሯል። በአልኮል ይሟሟል ብሎ አጽፎናል። ንጹህ አልኮል ስላልነበረ ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን ባለ አልኮል የእጅ ማጽጃ ከየትምወርቅ ቢሮ ወሰደ።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ልቀዳ በቤቱ በኩል ሳልፍ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ጣሳ የአመድ ውሃ፣ የተቆረጠ ሎሚ ፊቱ አለ። ከአንዱ ወደ አንዱ ይቀዳል፤ ያያል፤ ይነሳል፤ ለሰው ሊያሳይ ግራ ቀኙን ያያል። መንገዱ ላይ የነበረው የአከራዩ አህያ ብቻ ነው። ለአህያው አሳየው። እኔን አላየኝም፤ እኔም ጀሪካኔን ይዤ አለፍኩ። ሰው እንደዚያ ሲደሰት ማቋረጥ ነውር ይመስለኛል።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ገበያተኛው ሁሉ “ኬሚስትሪ ዛሬ ይቀርባል” ሲባል ሰምቶ ግቢውን ሞላው። ኬሚስትሪ የሚባል ሰው ከደሴ መጥቷል ብሎ በግ የነዳም ነበር፤ ዕርቅ በግ ያስፈልገዋልና።

ክንፈ ሻንጣው ውስጥ የኖረውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከግንቡ ጀርባ ወጣ። ትልቅ የጠርሙስ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ተጣርቶ ጥርት ያለ የአመድ ውሃ ቀዳበት። ሰው ሁሉ ውሃ አየ። ከዚያ ከትንሿ ብልቃጥ ጠብ ጠብ አደረገበት።

ውሃው ደም መሰለ።

አቶ አራጌ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። “አላልኳችሁም? ተጣልተዋል ብያችሁ ነበር፤ ይኸው ደሙ” አሉ። አንዲት ሴት “ወዮ የልጆቼ” ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የበጉ ባለቤት በጉን ለቀቀው።

ሼህ አሕመዲን ብቻ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። “አድርቀው” አሉ።

ክንፈ ሎሚውን ጨመቀበት። በማንኪያ አማሰለ። ቀዩ በመጀመሪያ ሳሳ፤ ከዚያ እንዳልነበረ ሆነ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ጥርት ያለ ውሃ ነው።

ሼሁ ተነሥተው ሄዱና ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ፀሐይ ያዙት።

“አያቴ ደም አደረቀ” አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። “አባቴም አደረቀ። እኔም ይኸው ጢሜ ሸበተ። በቃል ነው ያደረቅነው፤ በዓይናችን አይተን አናውቅም። አባቴ ይኼን ሳያይ ሞተ።” ከዚያ ወደኛ ዞሩ። “አይታችኋል?”

“አይተናል።”

“ቲቸር” አለች ኢልሀም። “ሎሚው ምን አደረገው? ቀዩ የት ሄደ?”

ክንፈ ዞሮ አያት። እኔ እስከማስታውሰው በዚያ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪን በሚመለከት ሳይታዘዝ የተጠየቀ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

“ቆይ ልጄ” አሉ ሼሁ። “ዋስ ይቅደም። ዋስ የሌለው ዕርቅ ጎህ ሳይቀድ ይፈርሳል። ልጆቹ ሊማሩ፣ ኬሚስትሪም እየወጣ ሊታይ ቃል ይግቡ። ለልጆቹ ዋሳቸው ማን ነው?”

“እኔ አለሁ” አሉ አቶ አራጌ።

“ለኬሚስትሪስ?”

ክንፈ የሚያስበው የሚሄድበትን አውቶቡስ ነበር። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት፣ ሼሁ ጠይቀው አፋቸውን ሳይከድኑ “እኔ ነኝ ዋሱ” አለ።

“እስከ መቼ?”

“እስከፈለጋችሁት።”

“እስከ መጪው ውጤት” አሉ ሼሁ። ፋቲሃ ተቀራ፤ አሜን ተባለ፤ ክንፈና አቶ አራጌ እጅ ተጨባበጡ። በጉም ተፈልጎ ተገኝቶ ታረደ።

ትምህርት ቤቱ የላከው ሪፖርት አጭር ነበር። ምክንያቱ አለመተዋወቅ መሆኑ ተለይቷል፤ ተማሪዎቹና ኬሚስትሪ በማኅበረሰቡ ተሳትፎ ታርቀዋል የሚል ነው። የበላዮቹ በስልክ አመስግነው እገዳውን አነሡ። ይህን ያህል ማኅበረሰቡን ያሳተፈ ትምህርት ቤት አላየንም አሉ።

ክንፈ መልቀቂያውን ሊቀበል ሄደ። የትምወርቅ ፈረመች፤ ማኅተሙን መታች፤ ወረቀቱን ግን ከእጇ አልለቀቀችም።

“ዋስ አይደለህ እንዴ?”

“የወግ ነው እኮ የትምወርቅ። ወግ ነው።”

“ወግ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ዋስነቱን ጥሎ የሄደ ሰው እዚህ አገር ሲሞት ቀባሪ የለውም። ቤቱ እሳት ቢጠፋ ጎረቤት ፍም አይሰጠውም።”

“እኔ ወረኢሉ ነው የምሞተው።”

“የወረኢሉ ቀባሪ ሌላ ነው?” አለችና ወረቀቱን ለቀቀችለት። “በል፣ ያዝ። እኔ ግን አላየሁህም።”

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ወረደ። ሾፌሩ፣ ዓመታት በዚያ ቁልቁለት የተመላለሱ ሰው፣ ሲያዩት ከመሪያቸው ወረዱ።

“መምህር፣ አፊያ ነዎት? ለጥየቃ ነው?”

“ተዛውሬ ነው።”

“ዋስ ነዎት ሲባል የሰማሁ መሰለኝ።”

“ደብዳቤ አለኝ።” አሳያቸው።

ሾፌሩ ደብዳቤውን አነበቡ፣ አጥፈው መለሱ። “ደብዳቤውን አልጠላሁም። ግን የሸሸ ዋስ ጭኜ ያን ቁልቁለት ልውረድ? ፍሬኑ ይያዝልኛል?”

“ፍሬን በዘይት ነው የሚይዘው ጋሼ።”

“በዘይት ነው። የሚይዘው ግን ሲፈቀድ ነው።”

ተሳፋሪዎቹም በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ማንም አልተቆጣም። አንድ ሽማግሌ “ለርስዎም አይበጅዎ፣ እኛም ልጆች አሉን” አሉት በትሕትና። አንዲት እናት ለመንገዱ ከያዘችው ቆሎ ዘግና ሰጠችው። አውቶቡሱ ሄደ።

ክንፈ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ለብርሀንነሽ ደወለ። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረም፤ መናኸሪያው ሁሉ ሰማው።

“አልመጣም።”

“ምን ሆነህ?”

“ዋስ ሆኛለሁ።”

“ለማን?”

“ለኬሚስትሪ።”

ክንፈ ስልኩ የተቋረጠ መስሎት አየው።

“ለማያውቁት ሰው ዋስ ይሆናል ክንፈ?” አለች በመጨረሻ።

“አሁን ትንሽ አውቀዋለሁ።”

“እስከ መቼ ነው?”

“እስከ መጪው ውጤት።”

“ሻንጣህስ?”

“ይኸው ተቀምጬበታለሁ።”

ወሩ አለቀ። የወረኢሉው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ክንፈ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራውን ይከፍታል። ውሃ የለም፤ እያንዳንዱ ልጅ በኮዳው ይዞ ይመጣል። መደርደሪያ የለም፤ ጠርሙሶቹ በተሰበሩት ዴስኮች ላይ ቆመዋል። እኔም ድጋሚ ልፈተን ስለተመዘገብኩ እየሄድኩ ከኋላ እቆማለሁ። ከኋላ ሆኜ ግን አሁን ይታየኛል፤ ኢልሀም ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ነው የምትይዘው። ሼህ አሕመዲንም አንዳንድ ቅዳሜ መጥተው በር ላይ ይቀመጣሉ። ጉዳዩ ከዋሱ ጋር እንጂ ከትምህርቱ ጋር አይደለም ይላሉ፤ ሎሚ ሲጨመቅ ግን አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

ከነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ብርሀንነሽ መጣች። ያ አውቶቡስ ነው ያመጣት። ፍራሽ፣ ድስት፣ የታሰረ ዶሮ፣ ንግሥቴም አለች። ፈቃድ ጠይቃ እንደሆነ ሥራዋን ትታ እንደሆነ የጠየቃት የለም። በሩ ላይ ቆማ የምታየው ክንፈን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነበር።

“የዋስ ሚስት መሆኔን ወረኢሉ ሁሉ ሰማ” አለች። “ገበያ ስወጣ ሰው እየጠቆመኝ ነው። እዚህ ቢጠቁሙኝ ይሻላል ብዬ መጣሁ።”

ንግሥቴ የእናቷን ቀሚስ ለቃ ወደ ውስጥ ገባች። ዴስኮቹን ዞረች፣ ከሥር አጎንብሳ አየች፣ ከካርቶኖቹ ኋላ አየች።

“አባዬ መምህር፣ ያሳሰረህ ሰውዬ የታለ?”

ልጆቹ ሳቁ። ክንፈ አልሳቀም። ጠርሙሱን አምጥቶ ፊቷ አኖረውና ቀይ አደረገው። ግማሽ ሎሚ እጇ ላይ አስቀመጠላት። በሁለት እጇ ጨመቀችው፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ቀዩ ሲጠፋ ጠርሙሱን አንሥታ ሥሩን አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች።

“የት ሄደ?”

“እዚያው ነው ያለ።”

“ውሸትህን ነው” አለች። “ድገመው።”

ደገመው።

ማታ ላይ አቶ አራጌ የእህል መጋዘናቸውን ሊዘጉ ሲሉ ክንፈ መጣ።

“ጋሽ አራጌ፣ መዶሻ አለዎት?”

“ለምንህ ነው?”

“ብርሀንነሽ ልብሱን የት ልስቀል እያለች ነው።”

አቶ አራጌ መዶሻውን ፈልገው ሰጡት። ሚስማርም ጨመሩለት፤ ክንፈ ከጠየቀው በላይ።